ካታሎጉ፣ ጥይቱና ጎሹ

ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ለአብዛኞቻችን ለምንም። ጎሽ ፊት ለፊቱ ለቆመበት ሰው ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ቁጥሩን ካታሎግ ላይ አንብቦ፣ አምኖ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ጫካ ለገባ ሰው ደግሞ ይብሳል። ካታሎጉ ያለውንና ጥይቱ የሚያደርገውን የሚያስታርቅለት ዳኛ በአጠገቡ የለምና።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 2,150 ነው። በሰከንድ 2,150 ጫማ ማለት ነው፤ ወደ 655 ሜትር። በ1956 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዊንቸስተር የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃና ጥይት አምራች ለዝሆንና ለጎሽ አዳኞች አዲስ ጥይት ይዞ ብቅ አለ። ስሙ «.458 ዊንቸስተር ማግነም» ይባላል። 2,150 ከዚህ ጥይት ጋር የመጣ ተስፋ ነው። ተስፋው በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። አፍሪካ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሳይደርስ ቀረ። ለምን እንዳልደረሰ እስኪታወቅ ዓመታት አለፉ፤ ሰዎችም ተጎዱ።

ታሪኩ የጠመንጃ ታሪክ ይመስላል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። ቁጥር ማን ይለካል? የተለካውን ማን ያምናል? ሳይለካ ያመነስ ምን ይሆናል?

እስኪ ከሥሩ እንነሳ።

ጥይትን በእንጨት መያዝ

ባሩድ በአውሮፓ ጦር ሜዳ ከታወቀ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ጥይት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። ዓይን አይከተለውም፤ የዚያ ዘመን ሰዓትም አይደርስበትም። መፍትሔውን ያመጣው ቤንጃሚን ሮቢንስ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። በ1742 ስለ መድፍ አተኳኮስ አዳዲስ መርሆች ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አንድ ቀላል መሣሪያ አስተዋወቀ።

መሣሪያው የሚወዛወዝ ከባድ ሚዛን ነው በሉት። እንጨት የተለበጠበት ከባድ ብረት እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ይንጠለጠላል። ጥይቱ እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ፔንዱለሙም ወደ ኋላ ይገፋል። ከሥሩ የታሰረች ጥብጣብ ምን ያህል እንደተገፋ ትናገራለች። የጥይቱ ክብደት ይታወቃል፤ የፔንዱለሙም ይታወቃል፤ የቀረው ሒሳብ ነው። ሮቢንስ የዘመኑ ጠመንጃ ጥይት በሰከንድ እስከ 1,700 ጫማ ገደማ፣ ማለትም ወደ 520 ሜትር እንደሚሄድ አገኘ። ከድምፅ ይፈጥናል ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ከአየር ምን ያህል ተቃውሞ እንደሚገጥመውም አሳየ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ምሁራን የአየሩን ተቃውሞ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። መጽሐፉን በ1745 ወደ ጀርመንኛ የተረጎመውና ማብራሪያ የጨመረበት ታላቁ የሒሳብ ሰው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገውም።

መቶ ዓመት አልፎ በ1860ዎቹ ለ ቡላንዤ የሚባል የቤልጂግ መኮንን ኤሌክትሪክን ጨመረበት። ጥይቱ መጀመሪያ አንድ ሽቦ ይበጥሳል፤ በኤሌክትሮማግኔት ተንጠልጥሎ የነበረ ዘንግ መውደቅ ይጀምራል። ጥይቱ ራቅ ብሎ ሁለተኛውን ሽቦ ሲበጥስ ሌላ ክብደት ይወድቅና ቢላዋ አስፈንጥሮ የሚወርደውን ዘንግ ይጭረዋል። ጭረቱ ያለበት ቦታ ዘንጉ ምን ያህል እንደወረደ፣ ያም ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ይነግራል። ብልሃት ማለት ይህ ነው! ክሮኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆየው በዚህ መልኩ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፔንዱለሙም ሆነ ክሮኖግራፉ ያለው በመንግሥት የጦር መሣሪያ መሞከሪያና በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው። ጥይቱን ገዝቶ የሚተኩሰው ሰው ቤት አይደለም።

ከውጅግራ ወደ ለበን

የጥይት ፍጥነት አንድ ጊዜ በትልቁ የዘለለበትን ዘመን የኛ አያቶች ያውቁታል፤ በጠመንጃዎቹ ስም። ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ። የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ሲሆን ጥይቱ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይሄዳል። ለበን ደግሞ በ1886 የመጣው ሌቤል ነው። በመሃል ምን ተፈጠረ? በ1884 ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ለበን በዚህ ባሩድ የተተኮሰ የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ሆነ፤ ጥይቱም በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ ሄደ።

በዚያው ዘመን በሀገራችን ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ገበያ ላይ ጥይት የተቀበለ ሰው ቀለሁን ያያል፤ እርሳሱን ያያል። ውስጡ ያለው ባሩድ ደርቆ ይሁን ረጥቦ፣ ሙሉ ይሁን ጎዶሎ አያይም። በእምነት ይቀበላል። የጥይት ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ዋናው ነገር ያለው ከማይታየው ላይ ነው። የማይታየው ባሩድ ደግሞ ከዚህ በኋላ በምንሄድበት አገር ሁሉ ታሪኩን ይዞት ይሄዳል።

ማግነም የሚባለው ስም

ጭስ አልባው ባሩድ ለትልልቅ አውሬ አዳኞች የደረሰው በእንግሊዞች በኩል ነው። በ1898 ጆን ሪግቢ የሚባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ .450 ናይትሮ ኤክስፕረስ የተባለውን ጥይት አወጣ። 480 ግሬይን፣ ማለትም 31 ግራም የሚመዝን ዐረር በሰከንድ 2,150 ጫማ ይወነጭፋል። (ያቺ ቁጥር! አያችኋት?) ከዚያ ወዲህ ዝሆን በልበ ሙሉነት የሚጣልበት ጉልበት በዚህ ይለካ ጀመር።

የሪግቢ ቀለህ ረጅም ነው፤ 3¼ ኢንች፣ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ። ርዝመቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ኮርዳይት የሚባለው የእንግሊዞች ባሩድ በሙቀት ባሕርዩ ይለወጣል፤ ፀሐይ የመታው ጥይት ግፊቱ ይጨምራል። ሰፊ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ ሳይጨናነቅ ሲቃጠል ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ባዶው ቀለህም በሙቀት ተጣብቆ አልወጣ አይልም። ፋብሪካዎቹ ለሕንድና ለአፍሪካ ባሩዱ ቀነስ ያለ «የሐሩር አገር» ጥይት ለብቻ እስከ መሥራት ደርሰው ነበር። ማለትም በ1900 አካባቢ የነበሩት እንግሊዞች ለንደን ላይ የተለካ ቁጥር ናይሮቢ ላይ እንደማይደገም አሳምረው ያውቁ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ማግነም የሚለው ስም ደግሞ ከወይን ጠጅ የተወሰደ ነው። ማግነም ጠርሙስ ማለት የተራው ጠርሙስ እጥፍ፣ 1.5 ሊትር የሚይዝ ነው። ጥይት ላይ ሲመጣ «ከተለመደው የበለጠ ባሩድ የሚይዝ» እንደማለት ሆነ። ከሁሉ የታወቀው በ1912 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያወጣው .375 ማግነም ነው። አሜሪካ ውስጥ ቃሉን የቤት ስም ያደረገው ግን ሮይ ዌዘርቢ ነው። በ1945 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ «ፍጥነት ይገድላል» በሚል እምነት ትልልቅ ቀለህ ላይ ትንንሽ ዐረር እየጫነ ይሸጥ ጀመር። አሜሪካዊው አዳኝ ከዚያ ወዲህ ጥይት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የፍጥነቱን ቁጥር ሆነ።

አጭሩ ቀለህ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዞቹ ነገር እያበቃለት ሄደ። ሕንድ በ1947 ነፃ ወጣች፤ ትልቁ ገበያ ተዘጋ። ባለ ሁለት አፈሙዙ የእንግሊዝ ጠመንጃ በእጅ የሚሠራ፣ ዋጋው የማይቀመስ ነው። ለእነዚህ ጠመንጃዎች ጥይት የሚያቀርበው ኪኖክም በ1960ዎቹ ሥራውን እየተወ ሄደ። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ባለሙያ አዳኞችና የዱር አራዊት ጠባቂዎች ግን ሥራቸው አላቆመም። ርካሽ ጠመንጃና በቀላሉ የሚገኝ ጥይት ፈለጉ።

ዊንቸስተር በ1956 የመጣው በዚህ ክፍተት ነው። ሐሳቡ እውነትም ብልህ ነበር። የ.375 ማግነምን ቀለህ ወስዶ ወደ 2½ ኢንች አሳጠረው፤ 6.35 ሴንቲ ሜትር። ለምን? በተራው፣ በርካሹ፣ በየሱቁ ባለው ጠመንጃ ማቀባበያ ውስጥ እንዲገባ። በእንግሊዝ ጠመንጃ ዋጋ ሽራፊ፣ ከእንግሊዝ ጥይት ጋር የሚተካከል ጉልበት! 500 ግሬይን ዐረር፣ 2,150 ጫማ በሰከንድ። ማን ይጠላል?

ግን ሒሳቡን እንሥራው። ሪግቢ 3¼ ኢንች ቀለህ ያስፈለገውን ሥራ ዊንቸስተር በ2½ ኢንች ሊሠራው ነው። ሌላ ዓይነት ባሩድ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ በትንሽ ቦታ ብዙ የሚታጨቅ። ድቡልቡል ባሩድ የሚባል አለ፤ ፍሬዎቹ እንደ ጤፍ የደቀቁና የሚከማቹ። በ1933 የተሠራ ሲሆን ባለቤቱም የዊንቸስተር እኅት ኩባንያ ነው። እሱም ቢሆን በቀላሉ አልበቃም። ባሩዱ ተጠቅጥቆ፣ ዐረሩ ከላይ ተጭኖት ነበር የሚዘጋው።

እዚህ ላይ ችግሩ ተወለደ። የተጠቀጠቀ ባሩድ መርከብ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ የላንድሮቨር ጀርባ ላይ በሐሩር ፀሐይ ወራትና ዓመታት ሲከርም እርስ በርሱ እየተጣበቀ እንደ ጨው ድንጋይ መጓጎል ጀመረ። ከቀለሁ ቂጥ ያለችው የእሳት ክዳን ያንን ጓል እኩል ማቀጣጠል አቃታት። ከፊሉ ይነዳል፤ ከፊሉ ሳይነድ ይወጣል። ከአንድ ፓኮ የወጡ ሁለት ጥይቶች የተለያየ ፍጥነት ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ደህና ነው፤ ሁለተኛው ከ2,000 በታች ይወርዳል።

«ትንሽ ቢጎድል ምናለበት?» ትሉ ይሆናል። የጥይት ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚሰላው። ከ2,150 ወደ 1,900 ቢወርድ ፍጥነቱ የጎደለው 12 ከመቶ ነው። ጉልበቱ ግን 22 ከመቶ ይጎድላል። ወፍራም አጥንት ሰብሮ ማለፍ ያለበት ዐረር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሳይይዝ መጣ ማለት ነው። ያ ዐረር ዝሆኑን ወይም ጎሹን አያስተውም፤ ያገኘዋል፤ ግን አያደርስም። የቆሰለ ጎሽ ከዳነ ጎሽ ይከፋል። ዱካውን ተከትሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ደግሞ ጠመንጃ የያዘው እንግዳ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ከፊት የሚሄደው የአካባቢው ዱካ ፈላጊ ነው። የካታሎጉ ቁጥር ሲጎድል ዕዳውን የሚከፍሉት ካታሎጉን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ጭምር ናቸው።

ሞዛምቢክ፣ 1959

ጃክ ሎት አሜሪካዊ አዳኝና ጸሐፊ ነው። በ1959 ሞዛምቢክ ውስጥ .458 ይዞ ጎሽ ላይ ተኮሰ። ጎሹ አልወደቀም። መጣበት፤ ክፉኛም ጎዳው። ሎት በሕይወት ተረፈ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚወቀሰው ማን ነው? ተኳሹ ነዋ። «ልቡን ስቶታል»፣ «ደንግጧል»፣ «እጁ ተንቀጥቅጧል» ይባላል። ተኳሹ ራሱም ራሱን ይወቅሳል። ጥይቱን የሚጠረጥር የለም፤ የጥይቱ ፍጥነት ታትሟልና። የታተመን ቁጥር ተጠራጥሮ ለመከራከር ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል። ጫካ ውስጥ ደግሞ ክሮኖግራፍ የለም።

ሎት ግን ጥርጣሬውን አልተወም። የደረሰበት ድምዳሜ ቀላል ነው፤ ቀለሁ አጥሯል። በ1971 ዊንቸስተር የቆረጠውን መልሶ ቀጠለበት። የ.375ን ቀለህ በሙሉ ርዝመቱ ገደማ (2.8 ኢንች) ወስዶ ያንኑ .458 ዐረር አስቀመጠበት። .458 ሎት የሚባለው ይህ ነው። ባሩዱ ሳይጨናነቅ 500 ግሬይኑን ዐረር ወደ 2,300 ጫማ በሰከንድ ያደርሰዋል። ለብዙ ዓመታት ይህን ጥይት ከሱቅ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። የፈለገ ሰው ቀለሁን አበጅቶ፣ ባሩዱን መዝኖ፣ በገዛ እጁ ይሞላል። እዚህ ላይ ነው በእጃቸው የሚሞሉት ሰዎች ወደ ታሪኩ የሚገቡት።

ሰዓቱ ቤት ሲገባ

ጥይትን በቤት መሙላት አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብሩስ ሆጅዶን የሚባል የካንሳስ ሰው ከጦርነቱ የተረፈውን የመንግሥት ባሩድ በጅምላ ገዝቶ በርካሽ ይቸረችር ጀመር። ከዚያ ባሩድ አንዱ ለ20 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሠራ ነበር፤ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለትልልቆቹ ማግነም ቀለሆች ልክ ሆኖ ተገኘ። ሰው ጓዳው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ማተሚያ የምትመስል መሣሪያ አስሮ፣ ሚዛን አቁሞ፣ የመሙያ መጽሐፍ ገልጦ ይሠራል። መጽሐፉ «ይህን ያህል ባሩድ፣ ይህን ያህል ፍጥነት» ይለዋል። እሱም ያምናል። ጎረቤቱ ሲጠይቀው «የኔ ማግነም 3,200 ነው» ይላል። ማን ሊከራከረው!

በ1960ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ኬን ኦየለር የሚባል መሐንዲስ ተራ ሰው ሊገዛው የሚችል ኤሌክትሮኒክ ክሮኖግራፍ ለገበያ አቀረበ። አሠራሩ የለ ቡላንዤ ነው፤ ሁለት በሮች፣ አንድ ሰዓት። ኋላ ላይ በሮቹ የጥይቱን ጥላ በሚያዩ የብርሃን መሣሪያዎች ተተኩ። ዋጋው እየወረደ ሄዶ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተራ የተኩስ ክለብ አባል የሚገዛው ዕቃ ሆነ።

ያኔ የስንቱ ኩራት ተነፈሰ መሰላችሁ! 3,200 የተባለው 2,950 ሆኖ ተገኘ። ስለ .458ም ለዓመታት በሹክሹክታ የነበረው ወሬ ቁጥር አገኘ። ዊንቸስተርም በ1970ዎቹ ጥይቱን አሻሽሎ በካታሎጉ ላይ የሚጽፈውን ቁጥር ወደ 2,040 አወረደ። 110 ጫማ ዝቅ ብሎ፣ ለእውነት ቀረብ ብሎ።

ፍጥነቱ ለምን ወረደ?

ክሮኖግራፍ ያስተማረው ትልቁ ትምህርት ግን ፋብሪካዎች ይዋሻሉ የሚል አይደለም። ነገሩ ከዚያ ይረቃል። ቁጥር የሚወጣው ከአንድ የተወሰነ በርሜል፣ ከአንድ የተወሰነ ባሩድ፣ በአንድ የተወሰነ ቀን ነው። ማግነሙ ከመጽሐፉ በታች ሲሄድበት በእጁ የሚሞላ ሰው የሚሄድበት የምርመራ ቅደም ተከተል ራሱ የዚህ ታሪክ ማጠቃለያ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው። ሁለቱ በሮች በሁለት ጫማ ርቀት ላይ ቢሆኑና ርቀቱ በሩብ ኢንች ቢሳሳት ንባቡ 1 ከመቶ ይስታል፤ በ3,000 ላይ 30 ጫማ። መሣሪያው ለአፈሙዙ በጣም ከቀረበ የፍንዳታው ንፋስ ቀድሞ ሰዓቱን ያስነሳዋል። የደከመ ባትሪና ያዘነበለ ፀሐይም የራሳቸውን ውሸት ይጨምራሉ።

ቀጥሎ በርሜሉ። የማግነም ካታሎጎች ብዙ ጊዜ የሚለኩት በ26 ኢንች በርሜል ነው፤ ሰውየው የያዘው 22 ወይም 24 ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ኢንች እንደ ጥይቱ ዓይነት ከ20 እስከ 50 ጫማ ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። አራት ኢንች ያጠረ በርሜል 200 ጫማ ቢያጎድል ምንም ጥፋት የለም፤ ባሩዱ በርሜሉ ውስጥ ሠርቶ ለመጨረስ ጊዜ አጣ እንጂ። ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው በርሜሎችም አንድ አይደሉም። የአንዱ ጉሮሮ ጠበቅ ያለ ነው፤ የሌላው ሰፋ ያለ ወይም ያረጀ። ዌዘርቢ በጠመንጃዎቹ ላይ ሆን ብሎ ዐረሩ ጠምዛዛውን ቦይ ሳይነካ ትንሽ የሚንሸራተትበት ባዶ ቦታ ይተው ነበር። እዚያ ግፊቱ ይረግባል፤ ስለዚህም ብዙ ባሩድ ይችላል። ያንኑ የባሩድ መጠን ባዶ ቦታ በሌለው በርሜል ውስጥ መተኮስ ግን አደጋ ነው።

ሦስተኛው ማቀጣጠያው ነው። ዌዘርቢ በ1953 .378 የሚባለውን ግዙፍ ጥይት ሲያወጣ ተራዋ የእሳት ክዳን ያን ሁሉ ባሩድ ማንደድ አቃታት። ፌደራል የተባለው ኩባንያ 215 ቁጥር የሚባለውን ጠንካራ ማቀጣጠያ የሠራው ለዚህ ነው። የማግነም ማቀጣጠያ ዛሬ በየሱቁ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው።

አራተኛው ባሩዱ። ስሙ አንድ የሆነ ባሩድ እንኳ ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያል። ብርድ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሙቀት ግፊት ይጨምራል። የኮርዳይት ዘመን ሰዎች ያውቁት የነበረው ይኸው ነው። በመጨረሻም ሚዛኑ ራሱ ትክክል መሆኑ ይፈተሻል።

ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ነው የሚሠራው። ሁለት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም።

ቀላሉ መልስ

አንድ ቀላል መልስ ሁልጊዜ በራፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ «ባሩድ ጨምርበት»። ፍጥነቱ አልደረሰም? ጨምር! መጽሐፉ ያለው ቁጥር ላይ እስክትደርስ ጨምር!

አደገኛውም ይኸው ነው። ክሮኖግራፍ ፍጥነትን እንጂ ግፊትን አይለካም። 22 ኢንች በርሜል ላይ የ26 ኢንቹን ቁጥር ለማግኘት ባሩድ የሚጨምር ሰው የሚያሳድደው በርሜሉ ሊሰጠው የማይችለውን ነው። ቁጥሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ግፊቱ ከልኩ ያልፋል። በማግነም ውስጥ ያ ግፊት ከተኳሹ ፊት በስንዝር ርቀት ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመጽሐፉን ከፍተኛ የባሩድ መጠን እንደ ግድግዳ ያዩታል። ከታች ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ፍጥነቱ ቢጎድልም ይቆማሉ። የጎደለውን 100 ጫማ ተቀብለው ይኖራሉ፤ ወይም እንደ ጃክ ሎት ሌላ ቀለህ ይፈልጋሉ።

ነገሩን ካሰባችሁት የ1956ቱ ስህተትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቁጥሩ ቀድሞ ተወሰነ፤ 2,150፣ የእንግሊዞቹ ቁጥር። ከዚያ ባሩዱ ቁጥሩ ላይ እስኪደርስ አጭሩ ቀለህ ውስጥ ተጠቀጠቀ። መሞከሪያው ላይ ደረሰ፤ ሐሩር አገር መጋዘን ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ግን የለም። መጀመሪያ ቁጥሩን ጽፎ ኋላ እውነቱን ለቁጥሩ ማስገደድ ከጥይት ፋብሪካ ውጭም የምናውቀው በሽታ ነው። እኛ በብዕር የምንተዳደረውም ብንሆን በየመግለጫው የሚነገረንን ከመቶ ስንት እንዳለ ተቀብለን ስናትም ካታሎግ ከማተም በምን እንለያለን? «በስንት ኢንች በርሜል?» ብሎ መጠየቅ ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ ያልተማርኩት፣ ግን ልማረው ይገባኝ የነበረ ጥያቄ ነው። ማን ለካው? በምን? የት? ስንቴ?

የሁለቱ ጥይቶች መጨረሻ ምን ሆነ? .458 ዊንቸስተር አልሞተም። ባሩድ ተሻሻለ፤ ዛሬ በጥሩ ባሩድ የተሞላው .458 በ1956 ቃል የገባላትን 2,150 ሳይቸገር ይደርስባታል። .458 ሎትም ከጓዳ ወጥቶ በ2002 ሆርናዲ በፋብሪካ ሠርቶ ይሸጠው ጀመር፤ ሎት ሞዛምቢክ ላይ ከተጎዳ ከ43 ዓመት በኋላ። ክሮኖግራፉ ደግሞ በ2023 መዳፍ የምታህል ራዳር ሆኖ መጣ፤ ጠመንጃው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ጥይቱን እየተከተለ ቁጥሩን ስልክ ላይ ያሳያል። ሮቢንስ በእንጨትና በጥብጣብ የጀመረው ሥራ ኪስ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ጎሽ ፊት የሚቆም ሰው፣ ከፈለገ፣ ከመሄዱ በፊት የራሱን ጥይት በራሱ ጠመንጃ መለካት ይችላል። በ1959 ይህን ማድረግ የሚችል አዳኝ ከስንት አንድ ነበር።

ቸር ይግጠመን።